ንጉሡ ሠ

አለቃው ፊርማ የሌለውን የክስ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አራሚዋ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፦ «አራሚዋ ከመጋዘን ወረቀት ሠርቃለች»። ቃሉ የተጻፈው በንጉሡ ሠ ነበር። ለጆሮ ያው ነው፤ በጽሑፍ ግን እንደ ፀሐይ ወጣች ማለት እንጂ ሰረቀች ማለት አይደለም።

ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ጸሐፊ ተነሥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። አራሚዋ ራሷ ሥራውን ያስለመደቻት፣ ዐሥር ዓመት ምሳ አብራት የበላች ጓደኛዋ ናት። «ማን ይሆን እንዲህ የጨከነብሽ? እጁ ይቆረጥ» አለች።

አራሚዋ ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ አንዷን ፊደል ብቻ ከበበች፤ ከላይዋም በጥንቃቄ እሳቱን ሰ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ለጓደኛዋ ዘረጋችላት።

«ስንቴ ልንገርሽ፣ የኔ እናት» አለቻት። «ስርቆት በእሳቱ ሰ ነው።»