የትርፍ አንጀት ትምህርት

ኡሚ የበጉን አንጀት ከኮባው ቅጠል ላይ እያነሳች በጣቶቿ መሃል ታሳልፈዋለች። ቀጭኑ አልቆ ወፍራሙ የሚጀምርበት ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ ገልበጥ አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ እንደገና ከጀመረችበት ትመለሳለች።

«አባ፣ የለም።»

«ምኑ?»

«ትርፍ አንጀቱ። መጽሐፉ ላይ እዚህ ጋ ነው ያለው።»

አባቷ ከድሮ ፈገግ ይላል። «በግ የለውም። ሰው ነው ያለው።»

ልጅቷ ቅር ይላታል። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ቢሆንም ከቡታጅራ አራጆች እየተለመነ የመጣላትን ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ የበሬ ዓይን ሳይቀር ከፍታ አይታለች። አባቷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ሳለ የገዛውን፣ ባለቀለም ሥዕል ያለበትን ትልቅ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጥጋጥጉ እስኪሳሳ አገላብጣዋለች። ትምህርት ቤት ግን አትሄድም። ትምህርት ቤቱ የተሠራው በግራዝማች ሽባባው መሬት ላይ ነው፤ ልጆቹም እሳቸው በመጡ ቁጥር ተሰልፈው እጅ ይነሣሉ። ከድሮ ልጁ ለዚያ ሰው እጅ ስትነሣ ማየት አይፈልግም።

ከሦስት ዓመት በፊት የኡሚ እናት ዘይባ ወልዳ ደሟ አልቆም ሲል፣ ከድሮ የግራዝማችን ላንድሮቨር ሊለምን ሮጦ ነበር። በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ ሌላ መኪና አልነበረም። ግራዝማች ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ወንበሩ በደም ይበላሽብኛል» አሉት። ዘይባ በቃሬዛ ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞተች፤ ሕፃኑም ተከተላት።

ያው ላንድሮቨር አሁን ደጁ ላይ ይቆማል።

ሹፌሩ ደበሌ ጌታውን ደግፎ ያስገባል። ግራዝማች ወደፊት ጎብጠዋል። እጃቸው ከቀበቷቸው በታች ቀኝ ጎናቸውን ይዟል፤ ቀኝ እግራቸውንም በወጉ አይረግጡትም። ከድሮ በሽታውን ገና በሩን ሳያልፉ ያውቀዋል። ማለት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ ንዳ።

«ይግቡ ግራዝማች» ይላል። «መደቡ ላይ ጋደም ይበሉ።»

«ከትናንት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ እምብርቴ ዙሪያ ነበር፤ አሁን ወደዚህ ወረደ። መርፌ ካለህ ውጋኝና ልሂድ።»

«ወንበሩስ ደኅና ነው?»

«የምን ወንበር?»

«የመኪናው።»

ግራዝማች ግራ ገብቷቸው ደበሌን ያያሉ። ደበሌ መሬት መሬቱን ያያል፤ ያን ቀንም ሹፌሩ እሱ ነበር። ሽማግሌው ግን በእውነት አያስታውሱም። ለካ ከድሮ ያንን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያላምጥ የኖረው ብቻውን ኖሯል።

«ኡሚ፣ እጅሽን ታጠቢና ነይ።»

የግራዝማችን ሸሚዝ ይገልጣል። ጣቱን ከጎድናቸው በታች ያሳርፋል። «እዚህ ሥር ምን አለ?»

«ጉበት።»

«እዚህስ?»

«ጨጓራ።»

ጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ይወርዳል። የልጅቷ ዓይን ይበራል። «ትርፍ አንጀት» ትላለች፣ በሹክሹክታ።

«መቆጣቱን በምን እናውቃለን? መዳፍሽን አሳርፊ። ቀስ ብለሽ ተጫኚ። አሁን ባንዴ ልቀቂ።»

ግራዝማች ይጮኻሉ።

«አየሽ? ሲጫኑት ከሚያመው ሲለቁት የሚያመው ይብሳል። ድገሚው።»

ትደግመዋለች።

«ምን እያደረጋችሁኝ ነው?»

«እየመረመርንዎት ነው ጌታዬ። ሳይታወቅ አይታከም። ኡሚ፣ አሁን ግራ ጎናቸውን ተጫኚና ቀኙ ያማቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

«አቶ ከድሮ» ይላል ደበሌ፣ «ሆስፒታል የሚያስኬድ ከሆነ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«ጊዜ አለ።»

ጊዜ የለም። አንጀቱ ከፈነዳ መግሉ ሆዳቸውን እንደሚሞላው፣ ከዚያ በኋላ ቢደርሱም ባይደርሱም ብዙ ለውጥ እንደሌለው ከድሮ ያውቃል። ለዚህ ነው አንድ በአንድ፣ ረጋ ብሎ የሚያስተምረው። እያንዳንዱ ጩኸት ደረቱን ያቀለዋል። እንዲህ ያለ እፎይታ ካገኘ ቆይቷል።

ኡሚ ግራውን ተጭና ስታበቃ፣ ማንም ሳያዛት ወደ ቀኙ ጎን ትመለሳለች። ትጫናለች፤ ግን አትለቅም። ግራዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይጠብቃሉ። እሷም ትጠብቃለች። የምታየው ሆዳቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ነው። ሲቆይ መንጋጋቸው ይላላል፤ የያዙትን ትንፋሽ ይለቃሉ። ያኔ እጇን ባንዴ ታነሳለች።

ከጩኸቱ መሃል ዞር ብላ አባቷን ታያለች፤ ጥያቄ በትክክል የመለሰች ልጅ በምታይበት ዓይን።

«በቃ» ይላል ከድሮ።

«አንዴ ብቻ፣ አባ።»

«በቃ አልኩሽ።»

እጇን ይዞ ከመደቡ ይስባታል። ድምፁ ይጣደፋል። «ደበሌ፣ ትርፍ አንጀት ነው፤ ዛሬውኑ ተቀዶ ካልወጣ ይሞታሉ። የትም እንዳትቆም። እህልም ውሃም እንዳታቀምሳቸው። ያዝ፣ ከዚያ በኩል ደግፋቸው።»

ለሁለት ተሸክመው የኋላው ወንበር ላይ ያስተኟቸዋል። ግራዝማች የከድሮን እጅጌ ጨብጠው ይይዛሉ።

«ልጅህን ያሳድግልህ» ይላሉ። «እጇ የሐኪም እጅ ነው።»

«አሚን» ትላለች ኡሚ ከኋላው።

መኪናው አቧራውን እያስነሳ ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል። ከድሮ ጣሳውን አንስቶ እጇ ላይ ውሃ ያፈስላታል። የዘይባ ጣቶች ናቸው፤ ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው ቀጠን ያለ።

«በሕይወት ይደርሳሉ?»

«አላውቅም።»

«ካልደረሱ» ትላለች ጣቶቿን እያሸች፣ «ሬሳቸውን መልሰው ለእኛ ያመጡልናል?»

ውሃው አልቋል። ከድሮ ባዶውን ጣሳ እጆቿ ላይ እንደዘቀዘቀ ይቆያል።