ጠጄ የዘጋችው ቀን

«ማን ሞተብሽና ነው በየደብሩ እየዞርሽ የምታለቅሺብን?»

ጋሽ ወሰኔ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ያ ሁሉ ምእመን እየሰማ...

ጠጄ መሐል ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ።

«እኔ የምለምናችሁ አንድ ቀን ነው ጋሼ። መስከረም አሥራ አንድ በዓለም ሁሉ ተኩስ ይቁም የሚባልበት ቀን ነው ሲል በሬዲዮ ሰማሁ። ያን ቀን እኛም አንተኩስ። ለጠብም፣ ለሰርግም፣ ለለቅሶም።»

«ዓለም!» አሉ ጋሽ ወሰኔ። «ዓለም የእኛን መንደር፣ ቀየትን፣ የት ያውቃትና?»

ከኋላ አንዱ ጮኸ። «ለሚስቴም ንገሪልኝ እባክሽ! እሷም ለአንድ ቀን ዝም ትበልልኝ!»

ሰዉ ሳቀ። መስቀል የጨበጠው ሳይቀር ሳቀ...

ጠጄ አልሳቀችም።

«የሳር መሬታችን ጓሳ ሲዘጋ ስንት ዓመት ነው ማጭድ የማይገባው?» አለች። «ሳሩ ለቤት ክዳን እስኪደርስ በመሐላ እንጠብቀዋለን። ጠባቂ ባያየን እንኳ መሐላውን እንፈራለን። ለሳር የማልነውን ለልጆቻችን መማል አቃተን?»

ሳቁ ቆመ።

ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ማለ። ያን ቀን ለመዝጋት... ልክ እንደ ጓሳ።

ጋሽ ወሰኔ ብቻ እምቢ አሉ።

«ያን ቀን የልጅ ልጄ ክርስትና ነው! ወንድ ልጅ ተወልዶልኝ አፌን ይዤ ልቀመጥ? እተኩሳለሁ!»

ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ።

ስለ ጠጄ ሁላችንም የምናውቀው ይህን ነበር... ባሏ ቀድሞ ሞቷል። ታናሹ ልጇ አባይነህ ጎጆ ሲከድን ከጣራ ወድቆ ሞተ። የቀራት ታላቁ፣ ይሥሐቅ ነው። ይሥሐቅ ደግሞ ቁጣው የሚፈራ፣ ጠመንጃ ከትከሻው የማይወርድ ሰው ነው።

ስለዚህ ያሟት ነበር። «ከጣራ የወደቀ ልጅና ተኩስ ምን አገናኛቸው? ሴትዮዋ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው...»

መስከረም አሥራ አንድ ደረሰ።

ሕፃኑ ተጠመቀ፣ ቆረበ፣ በእልልታ ወጣ።

ከቅጥሩ በር ውጭ ጋሽ ወሰኔ ጠመንጃቸውን አቀባብለው ወደ ሰማይ አነሱ...

ጠጄ ተጠጋቻቸው። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ እጅዎን ይስጡኝ።»

ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ አንድ ነገር መዳፋቸው ላይ አኖረች። አጠገባቸው ነበርኩና አየሁት።

አረር ነበር። የጠቆረ፣ ጫፉ የተጣመመ አረር...

«ምንድነው ይኼ?»

«የእርስዎ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዚህ ሕፃን አባት የተዳረ ዕለት ለደስታ ብለው ወደ ሰማይ የተኮሱት። ያን ቀን ከእርስዎ በቀር የተኮሰ አልነበረም። ሰማይ ላይ የሚቀር መስሎዎት ነበር? አባይነህ ጣራ ላይ ነበር...»

«ልጅሽማ ወድቆ ነው የሞተው!»

«መትቶት ነው የወደቀው። ስገንዘው ጋቢው ውስጥ አገኘሁት። ለይሥሐቅ እንኳ አልነገርኩም። ብነግረው ኖሮ እርስዎም የሉ፣ ልጅዎም የለ... ይኼም ሕፃን አይወለድም ነበር።»

የነጠላዋን ጫፍ መልሳ ቋጠረችና፣

«ሳልነግርዎ ቢተዉት ነበር ደስ የሚለኝ» አለች።

ወገኖቼ... ጋሽ ወሰኔ አረሩን ኪሳቸው ከተው ቢሄዱ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። አልሄዱም። ጠመንጃውን መሬት ጥለው ተንበረከኩ።

«ስሙኝ ሰዎች! አባይነህን የገደልኩት እኔ ነኝ!»

እልልታው ቀጥ አለ።

ሰው ሁሉ ከቅጥሩ በር አጠገብ ወደ ቆመው ወደ ይሥሐቅ ዞረ። እጁ ወደ ጠመንጃው ማንገቻ ሲሄድ አየሁ። የሕፃኑ እናት ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠጄ ዓይኗን ጨፍናለች... ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ይሥሐቅ ጠመንጃውን አወረደ። ጥይቱን አራግፎ እናቱ እግር ሥር አኖረው።

«ዛሬ ዝግ ነው» አለ። እንባው እየወረደ። «ምያለሁ... ዛሬ ዝግ ነው።»

እስኪነጋ ድረስ ብቻ ነበር የማለው። ግን በዚያች ቀን ካህናቱ መስቀል ይዘው መሐል ገቡ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሰው ልቡን ሰበሰበ። በማግስቱ ይሥሐቅ ጠመንጃውን ለማንሳት ሳይሆን ለእርቅ ነው የወጣው።

አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

«አንድ ቀን ምን ይፈይዳል?» ብላችሁ የሳቃችሁ ሁሉ... አንድ ቀን ይኼን ይፈይዳል! ሽማግሌ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ምጥ የያዛት ጤና ጣቢያ የምትደርስበት መንገድ ነው። የአንዷን እናት ልጅ ሬሳ ስልካችሁ ላይ እየተቀባበላችሁ፣ ከሥሩ «ጀግና!» ብላችሁ የምትጽፉ... እናት የላችሁም? ያ አረር ቤታችሁ ጣራ ላይ እስኪያርፍ ነው የምትጠብቁት?

እግዜር ትዕግሥት ሰጥቶኛል። ለዚህ ግን አይበቃኝም።

እኔ ከጠጄ የተማርኩት ይኼ ነው፦ የተኮስነው ሁሉ አንድ ቦታ ያርፋል። ለደስታም ይሁን ለበቀል፣ የሚያርፍበትን እኛ አንመርጥም። መዝጋት ግን እንችላለን። ሳር የሚዘጋ ሕዝብ ጠመንጃ መዝጋት አያቅተውም... እምቢ ካላለ በቀር።

እናንተስ? በሚመጣው መስከረም አሥራ አንድ የእናንተ መንደር ቀኑን ይዘጋል? ወይስ ከመሐላችሁ «እተኩሳለሁ» የሚል አለ? የመንደራችሁን ስም ከታች ጻፉልኝ... እምቢ ያለውንም ጭምር።