የጋራዱ ለቅሶ

ከፊልሙ የቀረው አንድ ትዕይንት ብቻ ነበር። የቀረው ግን ብዙ ሕዝብ የሚያስፈልገው ሆነና በአዘጋጁ በኤሊያስ ላይ ጉድ አፈላበት።

ሃዲያን ይገዛ የነበረ የአንድ ጥንታዊ ጋራድ ታሪክ ነው። ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። በመጀመሪያው ዓመት የሣር ቤተ መንግሥቱን ዝናብ ጣለው። በሁለተኛው ዓመት፣ ጋራድ የሚሆነው ተዋናይ ከነጢሙ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ። አሁን አዲሱ ጋራድ ቃሬዛ ላይ ተጋድሟል፤ አገሩ ሁሉ በፈረስ መጥቶ ሊያለቅስለት ይገባል። የኪራዩ ካሜራ ነገ ጠዋት ለባለቤቱ ይመለሳል። ዛሬ ካልተቀረጸ ሦስቱም ዓመት ውኃ በላው።

ኤሊያስ ከተወለደበት የሌሞ መንደር በላይ ባለው ሜዳ የተገኙት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ትናንት አሥራ ሁለቱን ደጋግሞ አዙሮ ሕዝብ ሊያስመስላቸው ሞክሮ ነበር። አላስመሰሉም።

ጥፋቱ የአቶ ጠና ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ሰኞ ዕለት ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ሰው ሳይሞት አይለቀስም። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሞት ይጠራል» አሉ።

ኤሊያስ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ ልጄ። እኔ እያለሁ ከዚህ እድር አንድ ሰው በውሸት አያለቅስም።»

ሽማግሌው በፊልሙ ሚና ስላልደረሳቸው ቂም ይዘው ነው ብሎ አመነ። ጠላቸው።

ተስፋ ያልቆረጠችው እናቱ ገነቴ ብቻ ነበረች። ከሰኞ ጀምሮ በዝናብ ቤት ለቤት ስትለምንለት ሰነበተች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለሠራተኞቹ ቆጮና አይብ ተሸክማ ወጣች። ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።

«ይህ ዳገት ዘንድሮ ጨመረ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቱን አየችው። «ምነው?»

«ሰው የለም እማዬ። አለቀልኝ።»

«ሰው እኔ አመጣልሃለሁ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ጎኗን ይዛ ወረደች። እሱ ስልክ እየሰበሰበ ነበር፤ ቀረጻ እንዳይበላሽ የሁሉም ስልክ፣ የእሱም ጭምር፣ ተዘግቶ ዘንቢል ውስጥ ይገባል።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። ደመናው ወረደ። ኤሊያስ ከቃሬዛው ጀርባ ተንበርክኮ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሕዝብ ብቻ ስጠኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሜራማኑ ናስረዲን ተጣራ። «ኤሊያስ! ታች እይ።»

መንደሩ በሙሉ እየወጣ ነበር። ከፊት ፈረሰኞች፣ ከኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሦስት መቶ ይሆናሉ።

«እማዬ!» አለ፤ እንባው መጣ። «አመጣችው! ናስረዲን፣ ቅረጽ!»

እንዲህ ያለ ለቅሶ በልምምድ አይገኝም። ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ፈረሰኞቹ ራሳቸውን ይዘዋል። ኤሊያስ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። የከፋው በሁለት ነገር ብቻ ነበር። ብዙዎቹ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ናቸው። ደግሞም ቃሬዛውን ቀና ብሎ ሳያይ ሁሉም ወደ ካሜራው፣ ወደ እሱ ይመጣል።

«ወደዚህ አትዩ! ወደ ጋራዱ!» ብሎ ጮኸ። የሰማው የለም።

ያን ጊዜ አቶ ጠናን አያቸው። ከፈረስ ወርደው ሕዝቡን እየመሩ በቀጥታ ወደ እሱ ይራመዳሉ። እናቱ የሰበሰበችለትን ሰው ሊበትኑበት ነው የመጡት።

«ናስረዲን፣ የመጣው ቢመጣ እንዳታቆም!» አለና ሮጦ መንገዳቸውን ዘጋ። «አባባ፣ በእናትዎ! አምስት ደቂቃ ብቻ!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አቀፉት፤ እየተንሰቀሰቁም የገነቴን ስም ጠሩ።