የምራታቸው ጓንት

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ምራታቸው ልትገድላቸው እንደሆነ የጠረጠሩት ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ ከፍተው ውስጡን ያላዩትን ነገር አላምንም የሚሉ ሆኑ እንጂ። አሁን ከሾፌር ልጃቸውና ከሚስቱ ጋር በራሳቸው ቤት ይኖራሉ። ልጃቸው ሳምንቱን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ስለሚከርም፣ ቤት የሚውሉት እሳቸውና ምራታቸው ብቻ ናቸው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሰዓቶች አንዷ ትንሽዬ አትሠራም። ገና ላልተወለደ የልጅ ልጃቸው ብለው የሠሯት ናት። ሁለት ጊዜ ሊያስነሷት አውርደው፣ ሁለት ጊዜ መልሰው ሰቅለዋታል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ የሚያነሣ የለም።

መድኃኒቱ የታዘዘላቸው ሽንት አልወርድ ብሎ ካሠቃያቸው በኋላ ነው። ሐኪሙ እንዳላቸው፣ ክኒኑ የወንድ ሆርሞንን እያገደ ያበጠውን ዕጢ ያሳንሳል። በቀን አንድ፣ ሳይሰበር፣ በውሃ። ቤተሰብም ማወቅ ያለበት ነገር ስላለ ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት አንብቡት ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ወረቀት አንብቦ ሰዓት የጠገነ የት አለ ብለው ለምራታቸው ወረወሩላት፤ እሷም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ክኒን መዋጥ አይሆንላቸውም። ስለዚህ እሷው በየጠዋቱ ፈጭታ፣ በማር በጥብጣ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች ታጠጣቸው ነበር። እየቀለደችም ነበር።

ማክሰኞ ግን ቀልዱ ቀረ። የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቃ፣ ክኒኑን በማንኪያ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይፈጭም። እንደምንም ብለው ይዋጡት» አለቻቸው፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

ለምን ቢሏት፣ እንዲሁ ይሻላል ብላ ፊቷን አዞረች። የምትፈጭበትን ትንሽ ሙቀጫ በፌስታል ጠቅልላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ደህናውን ሙቀጫ! ሽማግሌው ክኒኑን ምላሳቸው ሥር ደበቁና ስትወጣ ተፍተው ትራሳቸው ሥር ሸጎጡት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም ይገኛል ስንጥር።

ከዚያ በኋላማ ነገር ነገርን እየጎተተ መጣ። ብርጭቆአቸውን ለየች። የሰዓት ዘይት የሚሸተው እጃቸው ሲቀርባት አፍንጫዋን ይዛ ትወጣለች። ምሳ አብራቸው መብላት ተወች። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ከልጃቸው ጋር በስልክ ስታወራ ከበሩ ኋላ ሰሟት።

«አባባ እንዳያውቁ አደራ። ሦስት ወር ነው፤ እሱን እንደምንም ካለፍን እንተነፍሳለን።»

ምራትስ ባዕድ ናት፣ ይሁን፤ የገዛ ልጃቸው? በጣታቸው ቆጠሩት። ሦስት ወር፣ ዘጠና ቀን፣ ዘጠና ክኒን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ኖሯል። ሌሊት በራቸውን ቆልፈው ወንበር አስደገፉበት። ራሳቸው ገዝተው ካመጡት ዳቦ በቀር አልቀምስ አሉ። ፈሩ፤ ሌላ ስም የለውም። ለጎረቤት እንዳይናገሩ ማን ያምናቸዋል? ጃጁ ነው የሚባሉት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቆረጡ። ውስጡን ሳላይ አላምንም አሉ። መርዝ ከሆነ ራሷ ትቅመሰው፤ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ መድኃኒት ማንን ገድሎ ያውቃል?

ትራሳቸው ሥር ያጠራቀሟቸውን አራቱንም ክኒኖች አወጡ። በመፍቻቸው እጀታ፣ በናስ ሳህናቸው ላይ፣ ዱቄት እስኪሆኑ ፈጯቸው። ምራታቸው ሁለት ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ይዛ ስትመጣ መነጽሬን ከጓዳ አምጪልኝ ብለው ላኳት። ስትመለስ ጭማቂዋ ተማስሎ ጠበቃት።

ጠጣችው። እስከ ታች።

«ዛሬስ መረረኝ» አለች፣ ከንፈሯን እየጠረገች።

ሽማግሌው የኪስ ሰዓታቸውን ከፍተው መቁጠር ጀመሩ። አሥር ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት። ልባቸው ከሰዓቱ ቀድሞ ይመታል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ምራታቸው ልብስ አጠበች፣ አሰጣች፣ እያንጎራጎረች ወለል ወለወለች። ምንም አልሆነችም።

እንግዲህ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ብቻ!

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አምስት ቀን ሙሉ ያነቃቸው ፍርሃት እንደ ጉም በነነ። በቦታው ሐፍረት ገባ፤ እንደ ልጅ የምታጠጣቸውን ሴት እንዲህ መጠርጠር! ምራታቸው እንባቸውን አይታ ደንግጣ ምን ሆኑ አባባ አለቻቸው።

«ምንም ልጄ። ክፉ ሕልም አይቼ ነበር፤ አለፈ። ይቅር በይኝ።»

«እኔም የምነግርዎት ነገር አለኝ» አለች፣ ወደ ሰዓቶቹ ግድግዳ ቀና ብላ። «ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ።»

እሷ የደረቀውን ልብስ ልታነሣ ስትወጣ፣ ጠዋት ሳይቀበሏት የቀሩትን የዛሬውን ክኒን እንደ ሰው በውሃ እውጣለሁ ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። መሳቢያውን ሳቡ። ክኒኑ እዚያ ነበር፤ ጓንቱም። ከጓንቱ ሥር ወረቀቱ ታጥፎ ተቀምጧል። አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ጽሑፉ ደቃቃ ስለነበር የሰዓት ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ።

«ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ወይም የተፈጨ ክኒን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም፤ ለፅንሱ አደገኛ ነው።»