ጋሽ ይርዳው ዓሣ ያማራቸው ቀን

«አባዬ፣ ይብሉ እንጂ! ቀዘቀዘ እኮ!»

«ትንሽ እንጠብቅ ልጄ… ሰው ይመጣል።»

«ማነው የሚመጣው?»

«ሲመጣ ታየው የለ!»

አለምነው ሰዓቱን አየ… በሸቀ።

ጊዜው ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት፣ ቦሌ ያለ አንድ የባሕር ምግብ ቤት ውስጥ።

አባቱ ጋሽ ይርዳው ከመካነ ሰላም የገቡት በዋዜማው ነበር። ከአውቶቡስ ከወረዱ ጀምሮ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ…

«ዓሣ ቤት ውሰደኝ።»

እስኪ አስቡት! የደጋ ገበሬ… ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ሰው… ዓሣ አማረኝ ብሎ ከወሎ ድረስ ይመጣል?

አለምነው በሆዱ «አባዬ ጃጅተዋል» አለ።

ቢሆንም ወሰዳቸው። ደህና ቤት ነው የመረጠላቸው፤ ይህን አንክድበትም። ዓሦቹ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲዋኙ ይታያሉ፣ አስተናጋጆቹ ክራቫት አስረዋል።

ጋሽ ይርዳው ሜኑው ላይ የሽሪምፕ ሥዕል አይተው አማተቡ።

«ይህን አንበጣችሁን ተዉልኝ… ክንፍና ቅርፊት ያለውን ዓሣ አምጡልኝ።»

አንድ ትልቅ ዓሣ እንዳለ ተጠብሶ መጣ። በአንድ ሰፊ ሳህን።

ጋሽ ይርዳው የቤቱን ስም በአስተናጋጁ ስልክ ለአንድ ሰው አስነግረው፣ ታጥበው ተቀመጡ። ዓሣውን አልነኩም። በሩን በሩን ብቻ ያያሉ…

አለምነው ለራሱ ያዘዘው የበሬ ጥብስ ነበር። አንድ ዓይኑ ስልኩ ላይ ሆኖ ይበላል።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ። አባቱ ዓሣው አላስበላ ያላቸው መሰለውና ከጥብሱ በማንኪያ ዝቆ ዓሣው ላይ ገለበጠላቸው።

«በቃ በዚህ ያጣፍጡት!»

ጋሽ ይርዳው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ኧረ ምን አደረግህ ልጄ?… ምን አደረግህብኝ?»

ልክ በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተ።

የገቡት ጋሽ ጀብሪል ናቸው። የመካነ ሰላም ጎረቤታቸው፣ የጋሽ ይርዳው የልጅነት ወዳጅ። ልጃቸው ፈርሂያ ክንዳቸውን ደግፋለች። ፈርሂያ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ አባቷን ሐጅ ልትልክ ነው። በረራው ዛሬ ነው።

ጋሽ ጀብሪል ሳህኑን አዩ። ጥብሱን አዩ። ከዚያ የወዳጃቸውን ፊት አዩ።

ፈገግ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ… እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁ። አውፍ እንባባል ብዬ ነው እንጂ።»

ሐጅ የሚሄድ ሰው እንደማይመለስ ሆኖ ነው የሚሰናበተው። ያስቀየመው ካለ ይቅር በሉኝ ይላል፣ አውፍ ይባባላል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። ጥቂት እንደተቀመጡ የኤርፖርቱ ሰዓት ደረሰ። ጋሽ ይርዳውም «ልሸኘው» ብለው ተከትለው ወጡ።

ፈርሂያ ግን ወደ ኋላ ቀረት አለች።

«አለምነው… አባቴ አልበላም እኮ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፣ ለዚች ምሳ ብሎ።»

«ታዲያ ለምን…?»

«ጥብሱ የክርስቲያን ሥጋ አይደል? ዓሣውን ነካው። የመካነ ሰላም ልጅ ሆነህ ይሄ ይጠፋሃል?»

አለምነው ስልኩን አስቀመጠ።

«አባቶቻችን በሬ አቀናጅተው አርሰዋል። ሠርጉም ለቅሶውም አብረው። ሥጋ ሲሆን ግን ለየብቻ እየታረደ፣ ለየብቻ እየቀረበ ሸመገሉ። አምና ለእረፍት ስመጣ ለጋሽ ይርዳው 'ዓሣ አይታረድም፣ ማንም ቢያጠምደው እኛም እንበላዋለን' አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? 'እንግዲያው ሳልሞት ጀብሪልን በእጄ አጎርሰዋለሁ።'»

አያችሁ?… ለካ ሰውዬው ያማራቸው ከወዳጃቸው ጋር ከአንድ ሳህን መብላት ኖሯል!

አለምነው ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠ። «ሌላ ዓሣ!» ቢል «እስኪደርስ ብዙ ይቆያል» አሉት።

ወጣ። መንገድ ዳር ካለች ጠባብ ዓሣ ቤት ዘው አለ።

«መጥበሻው ሥጋ ነክቶታል?»

«እኛ ከዓሣ ሌላ አንጠብስም።»

በጋዜጣ አስጠቅልሎ ታክሲ ያዘ።

ኤርፖርቱ በር ላይ ሐጃጁና ሸኚው ተጨናንቋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አለምነው ተንበርክኮ ጋዜጣውን መሃላቸው ዘረጋ።

«አባባ ጀብሪል… ይሄ ሌላ ነው፣ ሥጋ አልነካውም። አውፍ ይበሉኝ።»

አንዱ «በስመ አብ» አሉ። አንዱ «ቢስሚላህ»።

ጋሽ ይርዳው እሾኹን ለቀሙ… ለቀሙ… ወዳጃቸውን አጎረሷቸው።

«እሾህ እንዳያንቅህ፣ ቀስ በል።»

«አብሽር ይርዳው… አንተ ያጎረስኸኝ አያንቀኝም።»

ጋሽ ጀብሪልም በተራቸው አጎረሱ። አለምነው ቆሞ ማየት አቃተው፤ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

ያን ቀን ሁሉም የፈራው ለመንገደኛው ነበር። ሐጅ ሩቅ ነው፣ ሰውየው ደክመዋል…

መንገደኛው ግን ሐጂ ተብለው በሰላም ተመለሱ።

እስኪመጡ ያልጠበቋቸው ጋሽ ይርዳው ናቸው። ወዳጃቸው ሳይመለሱ፣ መካነ ሰላም ቤታቸው፣ በተኙበት አረፉ።

ሐጂ ጀብሪል ለቅሶ ሲደርሱ አለምነውን አቀፉት።

«የምሞት እኔ መስሎኝ ነበር የተሰናበትሁት… ያን ቀን ባትሮጥ ኖሮ ይርዳውን ሳላጎርሰው እቀር ነበር። አላህ ይስጥህ ልጄ።»

ወዳጆቼ… ወላጆቻችን ግራ የሚገባ ነገር ሲጠይቁን «ጃጁ» ለማለት አንቸኩል። ምክንያታቸውን እንጠይቅ። ካጠፋንም፣ ሰዎቹ ሳያልፉ ሮጠን እንካስ።

እናትና አባታችሁ ምክንያቱን ሳይነግሯችሁ የጠየቋችሁ… ቆይቶ ግን የገባችሁ ነገር ምን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።