የሣሩ ቋጠሮ

ሱንታሊ ማጭዷን እንደያዘች ክው ብላ ቆመች። ሸንተረሩ ለአጨዳ የተከፈተው ገና ዛሬ ጠዋት ነው። ቀድሞ የደረሰ የሣሩን ጫፍ ይቋጥራል፤ ሌላው ሰው የቋጠረውን ማንም አይነካም። እሷ በየዓመቱ በምታጭድበት ቦታ መሃል ላይ ግን አንድ እቅፍ ሣር እርስ በርሱ ተቋጥሮ ቆሟል።

«አንቺ ድልማያ!» ብላ ከበታቿ ወደምታጭደዋ የባሏ ወንድም ሚስት ጮኸች። «ቤቱን ለሁለት አስከፈልሽ፣ የምትታለበዋን ጎሽ ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ ሣሬን?»

«እኔ አልቋጠርኩም! ዓይንሽን ታጠቢና እይ!»

«ቀጣፊ!» አለችና ማጭዷን ሰነዘረች። የቋጠሮው ግማሽ እንደተቆረጠ አንዲት ጭራ ረጅም ትንሽ ወፍ ከውስጡ ተስፈንጥራ ወጣች፤ እላያቸው ላይ እየዞረች ትንጫጫ ጀመር። ቋጠሮ የመሰላት፣ ወፏ ሣሩን በሸረሪት ድር ሰፍታ የሠራችው ጎጆ ነበር። ጎጆው ወደ ገደሉ ዘመመ። ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች አፋቸውን ከፈቱ። ሱንታሊ ጥፋቷ ገብቷታል፤ ይቅርታ ግን ከአፏ አልወጣ አላት።

«እና ላሜ ለወፍ ብላ ትጹም?» አለችና ማጭዷን እንደገና አነሳች።

ድልማያ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጥታ በትከሻዋ ገፈተረቻት። ጎጆውን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ዙሪያውን የቀረውን ሣር ሰበሰበችና ጫፉን ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከዚያ ዞር ብላ ሱንታሊን ፊት ለፊት አየቻት።

«ቅድም አልቋጠርኩም ነበር» አለች። «አሁን ግን ቋጥሬዋለሁ። የአባትሽ ልጅ ከሆንሽ እስቲ ንኪው!»