ያልተቆረጠው ሰርግ

ፋና ትንሿን ጥቁር ሳጥን በአንድ ጣቷ ገፍታ ለሸዕባን መለሰችለት።

«ይኼ ዲስክ የሚገባበት አፍ የለውም።»

«አፍ ምን ያደርግለታል? ከኢንተርኔት ነው የሚስበው። ዓለም በሙሉ እዚህ ውስጥ ናት» አለ ባለሱቁ።

«ዓለምን ማን ፈለጋት? የእህቴን ሰርግ ነው የምፈልገው።»

ከኋላዋ ዘመኑ ሳቀ። የእህቷ ባል ወንድም ነው፤ ሰርጉን የቀረፀውም እሱ ነው። «ሰርጉማ ዩቲዩብ ላይ አለልሽ። ሰው ሲዲውን ወፍ ሊያባርርበት ማሽላ ውስጥ ሰቅሎታል፣ አንቺ ዴክ ፍለጋ ትዞሪያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይኼንን ነው?»

«ዩቲዩብ ላይ ያለው አንተ ቆራርጠህ ያስቀረኸው አርባ ደቂቃ ነው። ሰርጉ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው» አለችና በሻሽ የጠቀለለችውን ዲስክ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ልጆች፣ የሰው ሱቅ ውስጥ ናችሁ» አሉ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መታ አድርገው።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቴሌቪዥን አለው፤ ማጫወቻ የለውም። እንዲገዙ የተላኩት መሪጌታ ናቸው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው አዳራሽ የሚቀመጠውን ሽምግልና የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ጉዳዩ አንድ ነው፦ የዘመኑ አባት አያ ደባሱ በሰርጉ ቀን፣ ዳስ ሙሉ ሰው ፊት፣ ምራቴን አስተምራታለሁ ብለዋል ወይስ አላሉም? ብለው ከሆነ የፋና እህት አልጣሽ ወልዲያ ተመልሳ የነርስነት ትምህርቷን ትቀጥላለች። እስከ ጥር ካልተመለሰች ግን ስሟ ይሰረዛል፤ ገነተ ማርያም፣ አማቶቿ ቤት፣ እንደ ተቀመጠች ትቀራለች። ሽማግሌዎቹ አዎና አይ የሚል ምስክር ሰልችቷቸው ፊልሙን እንይ ብለዋል። እንግዲህ ዛሬ የሚገዛው ዕቃ ነው ነገ የትኛው ሰርግ እንደሚመሰክር የሚወስነው።

«ዋናው ቅጂ አንተ ዘንድ የለም?» አሉ መሪጌታ ወደ ዘመኑ ዞረው።

«ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ የኔታ።»

«በክብሪት ነው ያቃጠልከው?» አለች ፋና።

ሸዕባን ጠብ ገበያ እንዳያበላሽበት ሰግቶ ከመደርደሪያው ሥር ሰፋ ያለ ዕቃ ጎትቶ አወጣ። «ይኼ ሁለቱንም ይሠራል፤ ዲስኩንም ኢንተርኔቱንም። እንግዳ ሲጠፋ ከተዘጋ ሎጅ የገዛሁት ነው። ብቻ ወላሂ አልዋሽም፣ ኩራተኛ ነው። የተጫረ ነገር አይቀበልም።»

ፋና ዲስኩን አጎረሰችው። ዕቃው ጥቂት አጉረመረመና መልሶ ተፋው። ደግማ አስገባችው፤ ደግሞ ተፋው።

ዘመኑ አጨበጨበ። «ዲስኩ ራሱ አልናገርም አለሽ እኮ!»

«ያኛውስ?» አለች፣ እሱን ሳታየው፣ ከላይ አቧራ የጠጣውን ዴክ እያሳየች።

«እሱ ርካሽ የቻይና ነው። ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ ኢንተርኔት የሚባል ግን አያውቅም።»

«አውርደው።»

ዘመኑ ጠጋ አላት። ሳቁ ጠፍቷል። «አባትሽን ጠይቀሻቸዋል?»

«አባዬ ጉልበቱን አሞት ተኝቷል። እሱን እዚህ ውስጥ አታስገባ።»

«ሽማግሌ በተጠራ ቁጥር ነው ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ተይው ይኼን ዴክ፣ ትቆጪያለሽ።»

«ታስፈራራኛለህ?»

«እንደ ፍጥርጥርሽ!» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

ሸዕባን አቧራውን እፍ ብሎ ገመዱን ሰካ። ዴኩ ተንኳኳ፣ አቃሰተ፣ ከዚያም ምስሉ መጣ። ፋና ሪሞቱን ነጥቃ የሚዜዎቹን ጭፈራ፣ የዳቦውን ቆረሳ፣ የምርቃቱን ብዛት አስሮጠችው። አያ ደባሱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ሲነሡ ጣቷን ከሪሞቱ አነሣች።

«ሰው ሁሉ ስሙኝ! ምራቴን አስተምራታለሁ! የሐኪም ጋዋን ለብሳ ሳላያት አልሞትም!»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስማ!» አለች ፋና ወደ በሩ። «ስማ እንጂ! አሁንም ተቃጥሏል በለኝ!»

ዘመኑ አልዞረም። ገበያተኛውን ያያል።

«ቆይ፣ ነገሩ አላለቀም» አሉ መሪጌታ።

በምስሉ ላይ የፋና አባት ጋሻዬ ብድግ ብሏል። ሞቅ ብሎታል። የአያ ደባሱን ትከሻ አቅፎ ብርሌውን ከፍ አደረገ።

«ተው አያ ደባሱ! በሰው ፊት የሰጠኸኝን ቃል በሰው ፊት መልሼልሃለሁ! ትምህርት ትምህርት ሲሉ አንዷ ቤቴ ቆማ ቀርታለች፤ ይችኛዋ እንኳ ትውለድልኝ! ሽማግሌዎች፣ ስሙኝ፣ ከቃሉ ፈትቼዋለሁ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁ መሐል እልልታ ተነሣ፤ ረጅም፣ ሌላው ሲያበቃም ያላበቃ። ካሜራው ድምፁን ፍለጋ ዞረ፤ በእንግዶቹ ራስ ላይ አልፎ ወጥ ቤቱ አፍ ላይ ቆመ።

ጭልፋ የያዘች፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ ናት። ፋና ናት። ያን ቀን አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ «እህትሽን ሊያስተምሯት ነው!» ስትላት ከድስቱ ሥር ተነሥታ እልል እያለች ወጣች እንጂ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ አልሰማችም። የነገራትም የለም።

ሸዕባን ሪሞቱን ከእጇ ወስዶ ምስሉን አቆመው።

«አየሽ? ጭረቱን ሁሉ ዋጠው። ላሽገው?»

በቆመው ምስል ላይ ፋና አፏን ከፍታ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ ትታያለች። ከጥግ ደግሞ ሙሽራዋ፣ ዓይነ ርግቧን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ፣ እልል የምትለውን እህቷን ታያለች።